የኦም ሕግ ምንድን ነው? ምጣዱስ ማታ ማታ ለምን አልግል ይላል?

አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ እንጀራ የጋገረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መብራት አለ፣ ምጣዱ ግን አልግል ይላል። እንጀራው ዓይን አያወጣም። ከዚያ «ምጣዱ ተበላሽቷል» ይባልና ሠራተኛ ይጠራል። ብዙ ጊዜ ግን ምጣዱ ምንም አልሆነም። ይህን ለማወቅ አምስት ኪሎ ገብቶ ምሕንድስና መማር አያስፈልግም፤ ሁለት ቁጥር ይበቃል፣ ቮልቴጅና ከረንት።

ቮልቴጅ ገፊው ነው፣ በቮልት ይለካል። እኛ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው (መሆን ያለበትን ማለቴ ነው)። ከረንት በሽቦው የሚያልፈው መጠን ነው፣ በአምፒር። ሬዚስታንስ ደግሞ ዕቃው ከረንቱን ምን ያህል እንደሚያግድ ይነግረናል፣ በኦም። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ አጭር ነው፦ ቮልቴጁን ለከረንቱ ብታካፍሉት ሬዚስታንሱ ይወጣል። ብታባዟቸው ደግሞ ፓወሩን (ምጣድ ላይ ሙቀት የሚሆነውን ጉልበት) በዋት ታገኛላችሁ።

ምጣዳችሁ በ220 ቮልት 16 አምፒር ይስባል እንበል። 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም። 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት። ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ከሠራ ቆጣሪው ላይ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ ስቶቭና ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ወደ 180 ወረደ በሉ። የምጣዱ ሽቦ ያው ሽቦ ነው፣ 13.75 ኦሙ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ከረንቱም አብሮ ይወርዳል፤ 180 ለ13.75፣ 13.1 አምፒር ገደማ። ፓወሩ 2,360 ዋት አካባቢ ሆነ። ቮልቴጁ የቀነሰው 18 በመቶ ነው፣ ሙቀቱ ግን በ33 በመቶ ወደቀ! ቮልቴጁም ከረንቱም ስለቀነሱና የሚባዙትም እነሱው ስለሆኑ ጉዳቱ ድርብ ነው።

ይኸው ሒሳብ ሶኬት ለምን እንደሚቀልጥም ያስረዳል። ፓወር ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛም ይገኛል። የላላ ሶኬት 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 16 አምፒር ሲያልፍበት ከ25 ዋት በላይ ሙቀት እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ ይፈጠራል፣ ፕላስቲኩ ቢጠቁር ምን ይገርማል። ጀርባው ላይ 10 አምፒር የተጻፈበት ዲቫይደርማ ከ2,200 ዋት በላይ አይችልም፤ ምጣድ እሱ ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው።

ሒሳቡ በቀጥታ የሚሠራው ለሚያሞቁ ዕቃዎች ነው፣ ለምጣድ፣ ለስቶቭ፣ ለካውያ። ፍሪጅ ሞተር ስላለው ቮልቱን በአምፒሩ ማባዛት ከእውነተኛው ዋት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። የስልክ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖልም ቋሚ ኦም የላቸውም።

ራሳችሁ መለካት ካማራችሁ ቮልቴጁን ምጣዱ እየሠራ እያለ ለኩት፣ ባዶ ሶኬት ላይ 220 አይታችሁ እንዳትሸወዱ። ከረንቱን ደግሞ አንዱን ሽቦ ብቻ አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር ለኩት። ኦም ስትለኩ ግን ምጣዱ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን፤ ካልሆነ ከሜትሩ በፊት እናንተ ትቃጠላላችሁ።