የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው፦ ስለ ጣና ዳር ነባር ማኅበረሰብ የውሃ መብትና ስለ ገንዘቡ የሚነገሩ ስህተቶች

በጣና ዳር ለሚኖረው ለነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የውሃ መብት የሚሟገት ሥራ ገንዘብ ይፈልጋል ባልኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ ይመሳሰላል። አብዛኛው ከክፋት የመጣ አይደለም። ስህተት ግን ነው፤ የስህተቱን ዕዳ የሚከፍለውም ተናጋሪው ሳይሆን ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ነው። የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጣና ደጁ ሆኖ ምን ውሃ ይቸግረዋል?»

ይህን የሚለኝ ብዙ ጊዜ የቧንቧ ውሃ ቤቱ የሚገባለት ሰው ነው። የባሕር ዳር ከተማ ጎርፍ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚገባው ወደ ሐይቁ ነው። ደጅህ ያለ ውሃ ሁሉ አይጠጣም። ደግሞም የውሃ መብት ሲባል መጠጥ ብቻ አይደለም። ለዚህ ማኅበረሰብ ውሃ ማለት ዓሣ ነው፤ ደንገል ነው፤ ወደ ዳሩ የሚያደርስ መንገድም ነው። የደንገል ታንኳ ጥቂት ወራት ካገለገለ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሌላ መሥራት ግድ ነው። ስለዚህ ደንገሉ ከጠፋ ታንኳው ይጠፋል፤ ከታንኳው ጋር ዓሣውም፣ ሰፌዱና ምንጣፉ ተሸጦ የሚገኘው ገንዘብም ይሄዳል። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት፣ ባሕር ሸሽ የምንለው፣ ለእርሻ ይያዛል፤ ደንገሉም ይመነጠራል። በከተማው በኩል ደግሞ ዳሩ ለሆቴልና ለመዝናኛ እየታጠረ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ መጥቶ የተረፈውን ያንቃል።

የሐይቁ ከፍታም በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ መቆጣጠሪያ በር ተሠርቷል፤ የሚለቀቀውን ውሃ የሚመጥነው ሰው ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ በማነሱና ለኃይል ማመንጫ ብዙ ውሃ በመለቀቁ ሐይቁ እጅግ ወርዶ ጀልባዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ፤ እሱም ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። መብራቱን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። ጥያቄዬ የሐይቁ ልክ ሲወሰን ደንገል አጫጁ ከማን ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል የሚል ነው።

«ነባር የሚባል የለም፤ ሁላችንም ነባር ነን»

ከቅኝ ገዢ በፊት እዚህ ነበርን ለማለት ከሆነ እውነት ነው። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ግን በአፍሪካ «ነባር» የሚለው ቃል ማን ቀድሞ መጣ የሚል ጥያቄ እንዳልሆነ አስረድቷል። ኑሮው ከአንድ መሬትና ውሃ ጋር የተሳሰረ፣ በዚያ አኗኗሩ የተገፋ፣ ራሱንም የተለየ ማኅበረሰብ አድርጎ የሚያይ ሕዝብን ነው የሚመለከተው። ነገደ ወይጦ ጉማሬ እያደነ፣ ዓሣ እያሰገረ፣ ደንገል እየሠራ የኖረ ነው። የራሱ ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ነው። የጉማሬ ሥጋ በላ ተብሎ ከማዕድ ሲገለል ኖሯል፤ ስሙን እንደ ስድብ የሚጠራ ዛሬም አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ውሃው የመንግሥት ነው፤ ምን ብሎ ይጠይቃል?»

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ይለዋል። ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውለውንም ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ማኅበረሰብን የሚነካ ፕሮጀክት ሲታሰብ ማኅበረሰቡ እንዲመከርበት፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው ለተነካበት ሰው ካሳ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ሕጉ አለ። የጎደለው ሕጉን ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚመላለስ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የታክሲም የምሳም ይፈልጋል።

«ጉድጓድ ይቆፈርበት እንጂ ገንዘቡ ለወሬ አይባክን»

በጣም የሚያመኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ቅንነት አለበት። ጉድጓድ ጥሩ ነው። ነገር ግን የይዞታ ዋስትና በሌለው ሰፈር የተቆፈረ ጉድጓድ ሰፈሩ የተነሣ ቀን ከአጥሩ ውስጥ ይቀራል። ውሃው እዚያው ነው፤ ሰዎቹ ግን ሄደዋል።

ጎረቤታችን ኬንያ የሆነውን ተመልከቱ። የኤንዶሮይስ ማኅበረሰብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳር ለዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጉዳዩን ወደ አፍሪካ ኮሚሽን ወሰደ፤ በ2010 ተፈረደለት። ወደ ኮሚሽኑ ከሄደ በኋላ ሰባት ዓመት ማለት ነው፤ ከዚያም ውሳኔው በተግባር እንዲውል ሌላ ረጅም ሙግት ተከተለ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ጠበቃ፣ ትርጉም፣ የምስክር ጉዞ፣ የሽማግሌዎች ስብሰባ ነበር። ይህ ወጪ «ወሬ» ከተባለ ፍርዱም የመጣው በወሬ ነው።

እኛ ጋ ወጪው ቀለል ያለ ነው፤ ግን አለ። ደንገል የነበረበትን ቦታ ከሽማግሌዎች ጋር ዞሮ ካርታ ላይ ማስፈር፣ የውሃውን ናሙና ላቦራቶሪ ማስመርመር፣ አቤቱታ ማጻፍና መከታተል። አንድ ዓሣ አስጋሪ ስብሰባ ሲቀመጥ የዚያን ቀን እራት ይተዋል። የውሎ አበል ሲከፈለው «በገንዘብ የመጣ ነው» የሚሉት ሰዎች ደመወዝ እየታሰበላቸው ነው የሚሰበሰቡት።

«የውጭ ገንዘብ ለመብት ሥራ ክልክል ነው»

ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ አድርጎ ነበር፤ ብዙ ማኅበራት የሸሹት ያኔ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ገደብ አነሣ። «ገንዘቡ ደመወዝ ሆኖ ያልቃል» ለሚሉም የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል።

«ትልቅ ድርጅት ከተቀበለው ወደ ታች ይወርዳል»

አይወርድም፤ ቢወርድም ተንጠባጥቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ለጋሾች ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የመሬትና የደን መብት 1.7 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። በመጀመሪያው ዓመት ከተከፈለው በቀጥታ ለማኅበረሰቦቹ ድርጅቶች የደረሰው 7 በመቶ ያህል ነበር፤ ለጋሾቹ ራሳቸው ናቸው ይህን ይፋ ያደረጉት። ያ ለደን ነው፤ ለውሃ የተለየ እጣ የሚጠብቀው ግን አይመስለኝም።

ስለዚህ ለጣና ዳር ሙግት መዋጮ ልትሰጡ ካሰባችሁ፣ ከፕሮጀክቱ ስም በፊት ይህን ጠይቁ፦ የባንክ ሒሳቡን በፊርማው የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ከፈራሚዎቹ መካከል ታንኳ የሚሠራ ሰው አለ? ደንገል የምትሠራ ሴትስ?