ሾላ በድፍን፦ ኩሬ ዳር የምንሰማቸው ወሬዎችና እውነታው

መስከረም ሲጠባ ጎንደር ዙሪያ ውሃ ያላቆረ ጉድጓድ አታገኙም። ከአዘዞ ወደ ደንቢያ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ትንሽ ፈቀቅ ስትሉ ግራና ቀኙ ረግረግና ኩሬ ነው። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ከእህቴ ልጅ ጋር አንዱ ኩሬ ዳር ሄጄ መቀመጥ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጥያቄው አያልቅም። ችግሩ መልስ የሚሰጠው ሰው መብዛቱ ነው። ከብት የሚጠብቁት አያ፣ ልብስ የምታጥበዋ ሴትዮ፣ አያቱ፣ እኔም ጭምር። ቆይቼ ሳጣራ የመልሳችን ግማሹ ልክ አልነበረም። ማንም ለክፋት ብሎ አይደለም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ ነው። «ሾላ በድፍን» ይባል የለ? ከፍቶ ያየው የለም፣ በቃ።

«ሾላ አያብብም»

እንግዲያው ከራሱ ከሾላው እንጀምር። ከኩሬያችን ራስጌ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። አበባ አውጥቶ ያየው ሰው ስለሌለ አያብብም ይባላል። ያብባል። አበባው ያለው ፍሬ ብለን በምንጠራው ነገር ውስጥ ነው። ገና ያልበሰለውን አንዱን ቆርጣችሁ በምላጭ ለሁለት ክፈሉት። የውስጥ ግድግዳው በጥቃቅን ክሮች ጢም ብሎ ታያላችሁ፤ እያንዳንዷ ክር አንድ አበባ ናት። ከእንብርቱ ላይ ደግሞ በጣም ጠባብ በር አለች። ከትንኝ የምታንስ ተርብ በዚያች በር ስትሽሎከሎክ ክንፏ ሁሉ ይረግፋል። ገብታ አበባዎቹን ታዳቅላለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ሴት ልጆቿ አድገው ሲወጡ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ወደ ሌላ ሾላ ይበራሉ። «ሾላ ትል አለው» እያልን የምንጸየፈው ብዙውን ጊዜ ይቺኑ ተርብና ልጆቿን ነው። እሷ ከሌለች ደግሞ ዘር የሚባል ነገር የለም። ዋርካም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፣ ተርቧ ብቻ ሌላ ናት።

የፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ የተጠመጠመው ሥርም የዚሁ ቤተሰብ ዛፍ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ የሩቅ እንግዳ ሲመጣ መዋኛው ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው። በሌላ ጊዜ ከመጣችሁ ደረቅ ወለል አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

«ኩሬ ማለት ወባ ማለት ነው»

ይሄ በጣም የተስፋፋ ነው፣ ሙሉ በሙሉም ውሸት አይደለም፤ ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው። የወባ ትንኝ የምትራባው ውሃ ላይ ነው፣ አዎ። ግን የትኛው ውሃ? አገራችን ውስጥ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ናት። እሷ የምትወደው ትንሽ፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ብዙም ቅጠል የሌለበት፣ ዛሬ ኖሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደርቅ ውሃ ነው። ማለትም የከብት ኮቴ ረግጦ ያቆረው፣ ለጡብ ጭቃ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የመኪና ጎማ ያለፈበት ጭቃ። የቆየ ኩሬ፣ ዳሩ በፊላና በቄጠማ የተከበበ፣ ውስጡ በላተኛ የሞላበት፣ ለእሷ ያን ያህል አይመቻትም።

ይሄንን ለልጁ በአፍ ብነግረው አላመነኝም። ስለዚህ አንድ ሃይላንድ ቆርጠን የኩሬውን ውሃ ሞላንበት። ከኮቴ ጉድጓድ የቀዳናቸውን አሥር የሚሆኑ የትንኝ እጮች ጨመርን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የወባ ትንኝ እጭ ውሃው ፊት ላይ ጋደም ብላ ነው የምትንሳፈፈው፣ ሌላዋ ግን ጭንቅላቷን ወደ ታች አዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። የእኛዎቹ ሁሉም የተጋደሙ ነበሩ። ቀጥለን ከኩሬው ሥር ያገኘናትን አንዲት ቡናማ፣ አስቀያሚ፣ ስድስት እግር ነፍሳት ከተትን። እኛ ልጅ ሆነን ሄሊኮፕተር የምንላት፣ ረጅም ጭራና አራት ክንፍ ያላት በራሪ አለች አይደል? የእሷ ልጅ ናት። ክንፍ ከማብቀሏ በፊት ውሃ ውስጥ ነው የምታድገው። ዝም ብላ ተቀመጠች። ሞታለች ልንል ስንል የታችኛው ከንፈሯ እንደ ክንድ ተዘርግቶ አንዷን እጭ ቀለባትና ተመልሶ ታጠፈ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሃይላንዱ ውስጥ እሷ ብቻ ቀረች።

ይሄን ሁሉ ስል ግን ኩሬ ዳር ያለ አጎበር ተኙ እያልኩ አይደለም። ከተማው ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይሻላል፣ ወደ ደንቢያ ቆላ ብላችሁ ስትወርዱ ግን ወባ ቀልድ አይደለም።

«ወባ የሚያመጣው እሸት በቆሎ ነው» የሚሉም አሉ። እሸቱ የሚደርሰውም ወባው የሚበረታውም ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ስለሆነ ነው የተገጣጠሙት። በቆሎውን ጠብሳችሁ ብሉ።

«ጥርት ያለ ውሃ ምንም አያደርግም»

ያደርጋል። ቢልሃርዚያ የሚይዘው ውሃ ሲጠጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዋነኛው መግቢያው ቆዳ ነው። ትሉ መጀመሪያ ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ በዓይን የማይታይ ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣና እግራችሁን ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ዘልቆ ይገባል። ውሃው መስታወት ቢመስልም ለውጥ የለውም። ቀንድ አውጣው ውስጥ የሚገባው ደግሞ ሰው ዳር ላይ ሲጸዳዳ ነው። ስለዚህ የኩሬው ጥፋት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ እንዶድን ሳልጠቅስ አላልፍም። እናቶቻችን ጋቢ የሚያጥቡበት እንዶድ። በፈረንጆቹ 1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ነበሩ። ከዚያች እይታ ብዙ ጥናት ተወለደ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ታዲያ ይሄን ያነበበ አንድ ጎረቤቴ «ለምን አንድ ኩንታል አምጥተን ኩሬው ውስጥ አንደፋም?» አለኝ። ጋሼ፣ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። አልኳቸውና ሐሳቡ በዚያው ቀረ።

«አልቅት ሆድ ውስጥ ገብቶ ይራባል»

አይራባም። ውሃ ስንጠጣ ክር አክሎ ይገባና አፍንጫ፣ አፍ ወይም ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፣ እየጠጣ ያብጣል። ኩሬ የጠጣ ልጅ ነስሩ አልቆም ካለ በቤት መላ ጊዜ አታባክኑ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ በመቆንጠጫ ያወጡለታል።

«ቄጠማ ሣር ነው፤ ደንገልና ፊላ ደግሞ አረም ናቸው»

ለቡና የጎዘጎዛችሁትን ቄጠማ አንድ ዘለላ አንሡና ግንዱን በሁለት ጣት መካከል አንከባሉት። አይንከባለልም። ሦስት ጠርዝ አለው። አሁን ከሣር አንድ አገዳ ወስዳችሁ ሞክሩ፣ ክብ ነው፣ አንጓም አለው። ቄጠማ ከሣር ይልቅ የቅርብ ዘመዱ ደንገል ነው፤ የደንገልም ግንድ ያው ሦስት ማዕዘን ነው። (ገበያ ላይ ቄጠማ ተብሎ ተራ ሣር የሚሸጥላችሁ ጊዜ ይሄ ፈተና ይሠራል። ነጋዴዋ ግን ደስ አይላትም።)

አረም የሚለውን በተመለከተ፣ ኩሬያችን ላይ አንድ ጊዜ ፊላው በሙሉ ታጭዶ «ተጸዳ» ተባለ። በቀጣዩ ክረምት ከማሳው የወረደው ጎርፍ ደለሉን እንዳለ ይዞ ገባ። የሚያቆመው ነገር የለማ። ፊላና ደንገል ጎርፉን ያዘገዩታል፣ አፈሩ እዚያው ዳር ላይ ይቀራል፣ ዓሣው ከሥራቸው ይፈለፈላል፣ ወፉ ከላያቸው ጎጆ ይሠራል። ጎንደር ውሃ የሚጠጣበት የአንገረብ ግድብ ትልቁ በሽታው ደለል መሆኑን ስታስቡ ነገሩ የኩሬ ብቻ አይሆንም። ጎርጎራ ወርዳችሁ ታንኳ የሚሠራ ሰው ብትጠይቁት ደግሞ ደንገልን አረም የሚል አፍ አይኖረውም።

እውነተኛው አረም እምቦጭ ነው። ያውም ምን የመሰለ! ሐምራዊ አበባ፣ ከላይኛዋ ቅጠል ላይ ቢጫ ነጥብ። ግንዱን ስትቆርጡት ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ ለዚህ ነው የሚንሳፈፈው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው። «ነቅለህ ዳር ብትጥለው ያልቃል» የሚለው ወሬ አይሠራም፤ ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እኛ ኩሬ እስካሁን አልደረሰም። ጎርጎራ ሄዳችሁ አበባው አምሮአችሁ በፌስታል ይዛችሁ የምትመጡ ግን፣ እባካችሁ!

«ዓሣ ከዝናብ ጋር ይወርዳል»

ከብት ጠባቂው አያ ይሄንን ሲነግሩኝ ምለው ነው። ኅዳር ላይ የደረቀ ማሳ፣ ሐምሌ ላይ አምባዛ ይዘውበታል። ከሰማይ ካልሆነ ከየት መጣ? ዓሣውን ያዩት እውነት ነው። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው፤ ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ ወጥቶ ብዙ ይቆያል፣ እየተሳበም ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንቁላል ለመጣል ከሐይቁና ከወንዙ ወጥቶ ወደ ተጥለቀለቀው ማሳ ይገባል። የመጣው በጎርፉ ነው። አያ ሰምተውኝ ሲያበቁ «እግር ሳይኖረው?» አሉና ሳቁብኝ።

«አርጃኖ ላም ይጠባል»

ከንፈር የለውም፣ ምላሱም እንደ እባብ ሁለት ቅርንጫፍ ነው። በምን ይጥባ? የላሟ ጡት የደረቀበት ምክንያት ሌላ ነው። አርጃኖ እንቁላል፣ እንቁራሪት፣ ሸርጣን፣ ዓሣ ይበላል፣ ዶሮ ካገኘም አይምርም፤ እሱን አልክድም። የሚገርመኝ እንቁላሉን የሚደብቅበት ቦታ ነው፤ ኩይሳ ቦርቡሮ ውስጡ ይጥልና ይሄዳል። ምስጦቹ ቀዳዳውን ይደፍኑለታል፣ ቤቱ ሙቀቱን ይጠብቃል። ነጻ ሞግዚት።

«ጉርጥ የነካ ኪንታሮት ያወጣል»

ኪንታሮት ከቫይረስ ነው፣ ከሰው ወደ ሰው። ጉርጡ ጀርባ ላይ ያለው እብጠት መርዝ የሚያመነጭ ዕጢ ስለሆነ ነክታችሁ ዓይናችሁን አትሹ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ያ ነው ነገሩ።

«ባህር ዛፍ ውሃውን ይጠብቃል»

ስሙ ራሱ ባህር ተሻግሮ መምጣቱን ይናገራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፣ ለዚያም ውለታው ብዙ ነው። ግን ውሃ ጠጪ ነው። ረግረግ ማድረቅ የሚፈልግ ገበሬ የሚተክለው እኮ እሱን ነው! ቅጠሉ የወደቀበት ቦታም ብዙ ነገር አይበቅልም። ውሃ ዳር ልትተክሉ ካሰባችሁ ሾላ አለ፣ ዶቅማ አለ። እንሶስላም ከውሃ ዳር የሚበቅል የአገራችን ተክል ነው፣ በዱቄት መልክ ብቻ የሚያውቁት ሙሽሮች በዝተዋል እንጂ።

በነገራችን ላይ መስከረም ላይ ኩሬው ዙሪያ ቢጫ የሆነው ሁሉ አደይ አይደለም። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀው አደይ ነው፣ ቅጠሉ እንደ ጦር ሳይሰነጠቅ የሚረዝመው መጭ ነው። የአውዳመት ዕለት እቅፉን ሙሉ መጭ ለቅሞ ያመጣ የእህት ልጅ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

«እዚህ ምን ወፍ አለ?»

ይሄን የሚሉኝ ጎንደሬዎች ናቸው። ግቢያችሁ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮው የታነቀ ይመስል የሚጮኸው፣ ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈው፣ ጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት ጥቁር ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም አይኖርም። እሱን ለማየት ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ፣ እኛ በድንጋይ እናባርረዋለን። በተቃራኒው ጥቅምትና ኅዳር ላይ የደንቢያን ማሳ የሚሞሉት ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች የእኛ ይመስሉናል። ጎጇቸው ሰሜን አውሮፓና ሩሲያ ነው፣ ብርዱን ሽሽት ነው የሚመጡት። መጋቢት ላይ የሉም።

«በቀትር ውሃ ዳር አይኬድም፣ ጋኔን አለ»

እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር አልከራከርም። እኔ የማውቀው በቀትር ብትሄዱ ምንም እንደማታዩ ነው። ወፉም፣ አርጃኖውም ጥላ ፍለጋ ተደብቀዋል። ደግሞ የኩሬው ዳር ጭቃ እግር ይይዛል፣ ዋና የማይችል ልጅ ብቻውን የሚሄደው ትልቅ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ እኛ በጠዋት እንሄዳለን። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እናቴ ትደውላለች፣ «አልተመለሳችሁም ገና?» ትላለች። ልጁ ሃይላንዱን ወደ ኩሬው ይገለብጣል፣ እኛም እንነሣለን።