ግልገል ድመትን ወደ አዋቂ ምግብ ማሻገር

የድመት ልጅ ስትወለድ 100 ግራም ያህል ትመዝናለች። ዓመት ሲሞላት አራት ኪሎ ብትገባ ማንንም አይገርምም። አርባ እጥፍ ማለት ነው። ያ ሁሉ አጥንት፣ ጡንቻና ጠጉር የሚሠራው ከሳህኗ ነው። ለግልገል ድመት ለብቻው ምግብ የሚዘጋጀውም ለዚህ ነው። ዕድገቷ ካበቃ በኋላ ያንኑ ምግብ በዚያው ልክ መስጠት ግን ትርፉ ውፍረት ነው።

መቼ ይቀየራል?

በደፈናው 12 ወር ይባላል። መጥፎ መልስ አይደለም። አብዛኞቹ ድመቶች ከ10 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ዕድገታቸውን ያገባድዳሉ። እንደ ሜይን ኩን ያሉ ግዙፍ ዝርያዎች ግን ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። እስከ 18 ወር፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ዓመት የግልገል ምግብ ላይ ይቆያሉ።

እኔ ልደቷን ከመቁጠር ይልቅ ሚዛን አምናለሁ። ግልገል ድመት እስከ አምስት ስድስት ወሯ ድረስ በየሳምንቱ 100 ግራም አካባቢ ትጨምራለች። ከዚያ ጭማሪው እየቀነሰ ይሄድና ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። ለወራት ስትከታተሉት የቆያችሁት ክብደት መርጋት ከጀመረና ዕድሜዋም ወደ ዓመት ከተጠጋ ጊዜው ደርሷል። ልዩ ሚዛን አያስፈልግም። ድመቷን ታቅፎ የሰው ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ የራስን ክብደት መቀነስ ነው። በእርግጥ ዝም ብላ ከታቀፈች።

ሰውን የሚያታልለው ስድስተኛው ወር ነው። የወተት ጥርሶቿ ረግፈው ቋሚዎቹ በቅለዋል። እግሯ ረዝሟል። ማርገዝ እንኳ ትችላለች። ይህን ያየ ሰው «አደገች እኮ» ብሎ ምግቧን ቢቀይር አይፈረድበትም። አጥንቷ ግን ገና እያደገ ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

የአሜሪካ የመኖ ቁጥጥር ባለሥልጣናት ማኅበር፣ በአጭሩ አፍኮ፣ ለሁለቱም የምግብ ዓይነቶች ዝቅተኛ መጠን ያስቀምጣል። ውኃው ወጥቶ ሲሰላ የግልገል ምግብ ቢያንስ 30 በመቶ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። ለአዋቂ 26 በመቶ ይበቃል። ካልሲየም ለግልገል 1 በመቶ፣ ለአዋቂ 0.6 በመቶ ነው። ፎስፈረስም እንዲሁ ከ0.8 ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል። የቅባቱ ዝቅተኛ መጠን ግን ለሁለቱም 9 በመቶ ነው። አምራቾች በግልገሉ ምግብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በላይ ቅባት ይጨምሩበታል፤ ጉልበት የሚጨምረውም ይኼው ቅባት ነው።

«ለሁሉም ዕድሜ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብም አለ። ይህ የግልገልን መስፈርት ያሟላል ማለት ነው። እሱን የምትበላ ድመት ስታድግ ምግብ መቀየር ግዴታዋ አይደለም፤ መጠኑ ግን መቀነስ አለበት።

የአዋቂ ምግብ ሲባል ደግሞ ያገኙትን ማቅረብ አይደለም። የውሻ ምግብ ለድመት አይሆንም። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማያመርት ከምግቧ ማግኘት አለባት። እጥረቱ የዓይኗን ብርሃን ተቀባይ ክፍል እንደሚያበላሽ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታወቀ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ የድመት ልብ እየተለጠጠ የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ይኸው የታውሪን እጥረት መሆኑ ታተመ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች መጠኑን ከፍ አደረጉ፣ በሽታውም በጣም ቀነሰ። ሥጋ ብቻ መስጠትም መፍትሔ አይደለም። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶት ካልሲየሙ በጣም ጥቂት ነው፤ ሰውነቷ የጎደለውን ከራሷ አጥንት ይወስዳል።

የማምከን ጉዳይ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድመት ስትመክን የሚያስፈልጋት ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል። አስቡት። ስድስት ወሯ ነው፣ መክናለች፣ ሳህኗ ቀኑን ሙሉ በግልገል ምግብ እንደሞላ ነው። በዓመቷ ትራስ መስላ ብትገኝ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ታዲያ መክናለች ተብሎ በስድስት ወሯ ወደ አዋቂ ምግብ ትሻገር? የግድ አይደለም። አጥንቷ አሁንም የግልገል ምግብ ይፈልጋል። የሚሻለው ምግቡን ሳይቀይሩ መሥፈር ነው። ክፍት ሳህን ይነሳል፣ የቀን ድርሻዋ ይለካል፣ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ይቀርባል። ለመወፈር የቸኮለች ድመት ከሆነች ሐኪሟ ቀደም ብላ እንድትሻገር ሊመክር ይችላል።

እንዴት ይቀየራል?

ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ ሩብ አዲስ፣ ሦስት ሩብ አሮጌ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እኩል በእኩል። ከዚያ ሦስት ሩብ አዲስ፣ በመጨረሻም አዲሱ ብቻ። ድንገት ሲቀየር አንጀቷና በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ለመልመድ ፋታ አያገኙም፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ይመጣል። ዓይነ ምድሯ ከላላ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመልሶ ሁለት ቀን መቆየት ነው።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳህኑን እዩት። አሮጌዎቹ ፍሬዎች አንድ በአንድ ተለቅመው አልቀዋል። አዲሶቹ ሳይነኩ ዳር ላይ ተሰልፈዋል። አንዷ ፍሬ ደግሞ ተቀምሳ መሬት ላይ ተተፍታለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ! ይህን ጊዜ አዲሱን ወደ አሥር በመቶ ዝቅ አድርጎ መጀመር ይቻላል። እርጥብ ምግብ ከሆነ ለብ ማድረግ ይረዳል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ምግብ ሽታው አይነሳም፤ ድመት ደግሞ ከመቅመሷ በፊት በአፍንጫዋ ትወስናለች። ወደ ሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ወደ 38 ዲግሪ የተጠጋ ምግብ ይማርካታል። አሞቃችሁት ከሆነ አማስሉት፣ አንድ ቦታ ላይ የሚፋጅ እንዳይኖር። ለማባበል ብሎ የላም ወተት ማፍሰስ ግን ችግር ያመጣል። ጡት የጣሉ ብዙ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት ያቅታቸዋል፤ ያስቀምጣቸውና ጥፋቱ አዲሱ ምግብ ላይ ይላከካል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። «ሲርባት ትበላለች» የሚለው ዘዴ ለድመት አይሠራም። ድመት፣ በተለይ የወፈረች፣ ለጥቂት ቀናት ሳትበላ ከቆየች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል። ጉበቷ ሊሸከመው አይችልም፤ ሊገድላት ይችላል። አዋቂዋ ድመት ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች አሮጌውን ምግብ መልሱላት፤ እሱንም እምቢ ካለች ሐኪም ጋ መደወል ነው። ግልገል ከሆነች ያን ያህልም አይጠበቅም።

ስንት ትብላ?

ደረቅ ምግብ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። እርጥቡ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከ80 እስከ 100 አካባቢ ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን፣ ቤት ውስጥ የምትውል አዋቂ ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ይበቃታል። በደረቁ ሲሰላ 60 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። እጅ ላይ ስታዩት በጣም ያንሳል፤ ሰው ያዝንና አንድ እፍኝ ይጨምራል። ያቺ ጭማሪ አሥር ግራም ብትሆን እንኳ የቀን ድርሻዋ አንድ ስድስተኛ ናት። በኩባያ ከመገመት የወጥ ቤት ሚዛን መጠቀም ይሻላል። አዋቂ ስትሆን በቀን ሁለት ጊዜ መብላት ይበቃታል።

በዝቷል ወይስ አንሷል የሚለውን እጃችሁ ይነግራችኋል። ጣታችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ ዳስሱ። አጥንቱ በስሱ ቆዳ ስር ይሰማል። የጎድን አጥንቷ እንዲህ ከተሰማችሁ ደህና ናት። ጨብጣችሁ የጣታችሁን አንጓዎች እንደምትዳስሱት ጎርበጥ ካለ ከስታለች። መዳፋችሁን ከውስጥ በኩል እንደ መንካት ከሆነ ደግሞ ወፍራለች።

ሁለት ድመት ያለበት ቤት

ትልቋ የትንሿን ምግብ መስረቋ አይቀርም። ለእሷ ጉዳቱ ውፍረት ነው። ትንሿ ለወራት የትልቋን ምግብ ብቻ ብትበላ ግን ለዕድገቷ የሚያስፈልጋት ሊጎድላት ይችላል። በየክፍሉ ለይቶ ማብላትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑን ማንሳት ቀላሉ መንገድ ነው።

አዋቂ ድመት ወደ ግልገል ምግብ የምትመለስበት ጊዜም አለ። ስታረግዝና ስታጠባ ነው። ያኔ የግልገሉ ምግብ ቅባትና ፕሮቲን ለእሷም ያስፈልጋታል። ልጆቿ ጡት ሳይጥሉ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንታቸው፣ ጠጋ ብለው መላስ የሚጀምሩት ከእሷው ሳህን ነው።