የባቢሎን ንጉሥ በጥፊ የተመታበት በዓል

በጥንቷ ባቢሎን አዲስ ዓመት የሚገባው በጸደይ፥ በኒሳን ጨረቃ ነበር። አኪቱ በተባለው በዚህ በዓል አራተኛ ቀን ማታ፥ የከተማይቱ ዋና አምላክ ማርዱክ የባሕር አምላክ የሆነችውን ቲያማትን ድል ነሥቶ ዓለምን እንደ ሠራ የሚተርከው ድርሰት በጣዖቱ ፊት ይነበባል፤ ዓመቱ ሲታደስ ፍጥረትም መንግሥትም አብረው ይታደሳሉ ብለው ያምኑ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚይዘው ግን የአምስተኛው ቀን ሥርዓት ነው። ከእስክንድር ዘመን በኋላ በተጻፉ የሸክላ ጽላቶች እንደምናነበው፥ ንጉሡ ኤሳጊላ ወደተባለው ቤተ ጣዖት ሲገባ ሊቀ ካህኑ በትረ መንግሥቱን ይወስድበትና ጉንጩን በጥፊ ይመታዋል፤ ጆሮውን ይዞም እየጎተተ በማርዱክ ፊት ያንበረክከዋል። ንጉሡም «አልበደልሁም፥ አምላክነትህን ቸል አላልሁም፥ ባቢሎንን አላጠፋሁም» ይላል። በትሩ ከተመለሰለት በኋላ ካህኑ ዳግመኛ ይመታዋል፤ እንባው ከፈሰሰ ማርዱክ ተደስቷል፥ ካልፈሰሰ ግን ተቆጥቷልና ጠላት ይነሣል ይባል ነበር። ካህኑ እጁን ምን ያህል አክርሮ ይሰነዝር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

በዚህ ሥርዓት ውርደት አለ፥ እንባም አለ፤ ንስሓ ግን የለበትም። የሚያለቅሰው «አልበደልሁም» ያለው ሰው ነው፤ እንባውም የመጣው ከጉንጩ ሕመም እንጂ ከልቡ አይደለም። ዳዊትም ንጉሥ ነበር፤ ናታን በገሠጸው ጊዜ ግን ማንም እጁን ሳያነሣበት «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ።

እስራኤል ከግብፅ የወጡት በዚሁ ወር ነው፤ ኦሪት አቢብ ትለዋለች፥ ኒሳን የሚለው ስም ከባቢሎን የመጣ ነውና። በዚሁ ወር፥ በፋሲካ ሰሞን፥ ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆመ፤ ከሎሌዎቹም አንዱ በጥፊ መታው። የባቢሎን ነገሥታት በየዓመቱ በሐሰት የሚምሉትን ቃል በእውነት ሊናገር የሚችል እርሱ ብቻ ነበር። እርሱ ግን «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ አላለቀሰም። በዚያች ሌሊት እንባ ያፈሰሰው፥ ማንም ሳይመታው፥ በግቢው እሳት ሲሞቅ ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ ነው። እንባው በደለኛውን ያገኘው በዚያ ነው።

እኛም በስቅለት ማምሻ ስግደቱ ሲያበቃ፥ ወገባችን እንደ ዛለ፥ በወይራ ቅርንጫፍ ለመጠብጠብ ወደ ካህኑ እንቀርባለን። ወይራው ጀርባችን ላይ የሚያርፈው እንደ ባቢሎኑ ንጉሥ «አልበደልሁም» ስላልን ሳይሆን በደላችንን ስለ ተናዘዝን ነው፤ ካህኑም የሰማውን መዝኖ ስግደት ይጨምርልናል።