የስታትስቲክስ መግቢያ ኮርስና የኮምፒዩተር ላቡ

«ላብ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ነጭ ጋውን፣ የመስታወት ቱቦና የአሲድ ሽታ ነው። የስታትስቲክስ ላብ እንደዚያ አይደለም። ኮምፒዩተር የተደረደረበት ክፍል ነው። ተማሪው ዳታ ይሰጠዋል፤ ጥያቄ የሰፈረበት ወረቀትም አብሮ ይሰጠዋል። አንድ ሁለት ሰዓት ሲታገል ቆይቶ ሪፖርቱን ያስረክባል፣ ወይም የተረፈውን ዶርም ይዞት ይሄዳል። በኮሌጅ የመጀመሪያ የስታትስቲክስ ኮርስ ላይ ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ነው። ክላስ ውስጥ መምህሩ ቀመሩን ያስረዳል፤ ላብ ውስጥ ተማሪው ራሱ ይሞክረዋል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እናገራለሁ። ይሄ የአቆጣጠር ነገር መጨረሻ ላይ ራሱ ጉድ ይዞ ይመጣል።

የላቡ ቅደም ተከተል ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን መክፈትና ዳታውን ማስገባት። ቀጥሎ ዳታው እንዴት እንደተበተነ የሚያሳዩትን ሂስቶግራምና ቦክስ ፕሎት የሚባሉ ግራፎች መሳል፣ አማካይና ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር) ማውጣት። ከዚያ ዕድልን በሳንቲም መማር፤ ሳንቲሙን የሚወረውረው ግን ኮምፒዩተሩ ነው። ሴሚስተሩ ሲጋመስ ሳምፕል (ከብዙው የሚወጣ ናሙና)፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (ከሳምፕል ተነስቶ እውነተኛው ቁጥር ያለበትን ክልል መገመት) እና የመላምት ፈተና (ያየነው በአጋጣሚ ብቻ ሊሆን ይችል እንደሆነ መፈተሽ) ይመጣሉ። መዝጊያው ሪግሬሽን ነው፤ አንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ መስመር በነጥቦቹ መሐል መዘርጋት።

ልዩነቱ ያለው ወረቀቱ ተማሪውን ምን ያህል ያናግረዋል በሚለው ላይ ነው። «አማካዩን አውጡ» ብሎ የሚያበቃ ወረቀት አለ። እሱን ማሽኑ ይመልሰዋል፤ ተማሪው ባይመጣም መልሱ ያው ነው። «አማካዩ ከሚዲያኑ ለምን በለጠ? ግራፉን አይታችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ» የሚልም አለ። እኔ ላብ የምለው ይሄኛውን ነው።

ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት የዚህ ኮርስ ተማሪ ጊዜው የሚያልቀው በመደመርና በማካፈል ነበር። በ1968 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኖርማን ናይ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ሠራ። እሱ ግን በዋናነት የታሰበው ለማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ነበር። ለተማሪ ተብሎ የመጣው ሚኒታብ ነው። በ1972 ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ባርባራ ራያን፣ ቶማስ ራያንና ብራያን ጆይነር፣ ኦምኒታብ የሚባለውን ትልቅ የመንግሥት ፕሮግራም አሳንሰው ጀማሪ የሚችለው አደረጉት። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው።

አር (R) የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ታሪክ ደግሞ ለዚህ ርዕስ የተሠራ ይመስላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የሚባሉ ሁለት መምህራን ነበሩ። ተማሪዎቻቸው የሚሠሩበት የማኪንቶሽ ላብ ነበራቸው። ለላቡ የሚሆን ሶፍትዌር ግን የሚያጠግብ አላገኙም። ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የተፈጠረውን ኤስ (S) የተባለ ቋንቋ መነሻ አድርገው የራሳቸውን ጻፉ። በ1993 ለሌሎች አሳዩት። በ1995 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቁት። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ደግሞ ቁጥር 1.0.0 ወጣ። ስሙ የሁለቱም የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ በኤስ ላይም ትንሽ ቀልድ አለበት። ዛሬ ባንኩም፣ መድኃኒት አምራቹም፣ ጋዜጠኛውም የሚሠራበት ቋንቋ የተወለደው እንግዲህ ከአንድ የተማሪዎች ላብ ችግር ነው።

በ2005 የአሜሪካ ስታትስቲክስ ማኅበር ለኮሌጅ መምህራን መመሪያ አወጣ፤ በ2016 አሻሻለው። ምክሩ ባጭሩ በእውነተኛ ዳታ አስተምሩ፣ ቴክኖሎጂን ለሒሳቡ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን ለመረዳት ተጠቀሙበት የሚል ነው።

ታዲያ እውነተኛ ዳታ ከየት ይመጣል? ኦፕንኢንትሮ የሚባል ፕሮጀክት በነፃ የሚያድላቸው ላቦች አሉ። ከእነሱ የመጀመሪያው የሚከፈተው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ነው። ጆን አርበትኖት የንግሥት አን ሐኪም ነበር። ከ1629 እስከ 1710 በለንደን በየዓመቱ ክርስትና የተነሱ ወንድና ሴት ሕፃናትን ቁጥር ሰበሰበ። ሰንጠረዡ 82 ረድፍ ነው፤ ለጀማሪ ዓይን አይከብድም። ተማሪው ወንዱን ከሴቱ ሲያነጻጽር 82ቱንም ዓመት ወንዶቹ በልጠው ያገኛቸዋል። ነገሩ እንደ ሳንቲም ውርወራ ቢሆን፣ ይሄ የሚሆንበት ዕድል ግማሽን በራሱ 82 ጊዜ ማባዛት ነው። አርበትኖት ይህንን አይቶ «የፈጣሪ ጥበብ ነው» አለ። ብዙዎች የመጀመሪያው የመላምት ፈተና ይሄ ነው ይላሉ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። የተጠመቁትን ሕፃናት ቁጥር በየዓመቱ በመስመር ስትስሉት 1640ዎቹ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ለዓመታትም አይነሳም። የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነው። ልጅ መውለድ ቀንሶ ነው ወይስ መዝጋቢው ቤተ ክርስቲያን ተቃውሶ? ኮምፒዩተሩ አይነግራችሁም። ዳታ ማለት የሆነው ሳይሆን የተመዘገበው እንደሆነ ተማሪው የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው ላብ ቅርጫት ኳስ ነው። ኮቢ ብራያንት በ2009 የኤንቢኤ ፍጻሜ ከኦርላንዶ ማጂክ ጋር ሲጫወት የወረወራቸው 133 ኳሶች ተመዝግበዋል። ተመልካቹ «ዛሬ እጁ ሞቋል» ይላል፤ አንዴ ካገባ ደግሞ ያገባል ማለቱ ነው። ተማሪው ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ተጫዋች ይፈጥራል። 45 በመቶ የሚያገባ፣ ባለፈው ውርወራ የማይሞቅም የማይቀዘቅዝም። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸዋል። ይመሳሰላሉ። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይናደዳል፤ መናደዱ ጥሩ ነው። በነገራችን ላይ ጉዳዩ አልተዘጋም። «የሞቀ እጅ የሚባል የለም» ያለው የ1985 ጥናት የስሌት ስህተት እንዳለበት ሚለርና ሳንሁርሆ በ2018 አሳይተዋል።

ፔንግዊኖቹንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ለብዙ ዓመታት የላብ ንጉሥ ሮናልድ ፊሸር በ1936 ያወጣው የአይሪስ አበባ ዳታ ነበር። ሦስት ዝርያ፣ ሃምሳ ሃምሳ አበባ። ግን የታተመው ዘርን «ማሻሻል» በሚሰብክ መጽሔት ላይ ነው። በ2020 ብዙ መምህራን ወደ አንታርክቲካ ወፎች ዞሩ። ከ2007 እስከ 2009 የተለኩ 344 ፔንግዊኖች ናቸው። ሁሉንም ባንድ ላይ ብትስሏቸው ምንቃሩ በረዘመ ቁጥር የሚቀጥን ይመስላል። በየዝርያው ለያይታችሁ ቀለም ስጧቸው። መስመሩ ይገለበጣል፤ ምንቃሩ የረዘመው ምንቃሩም የወፈረ ነው። ያው ዳታ፣ ተቃራኒ መልስ። ይህንን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ተማሪው በራሱ ክሊክ ሲገለበጥ ቢያየው ይሻላል።

የፍራንሲስ አንስኮምብ የ1973 ሥራም የዚሁ ዘመድ ነው። አራት ትንንሽ ዳታዎች፣ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ። አማካያቸው አንድ ነው፣ ኮሪሌሽናቸው (ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካው) 0.816 ነው፣ የሪግሬሽን መስመራቸውም ያው ነው። ሲሳሉ ግን አንዱ ተራ ደመና፣ አንዱ ቀስት፣ አንዱ ከአንድ ወጣ ያለ ነጥብ በቀር ቀጥ ያለ መስመር፣ አንዱ ደግሞ በአንዲት ነጥብ የተንጠለጠለ ነው። ሳይስል ያሰላ ተማሪ አራቱንም አንድ ዓይነት ሪፖርት ይጽፍላቸዋል።

ከላቦቹ ሁሉ ለመግባት የሚከብደው የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ነው። እዚህ የሚመጣው የአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ከተማ የኤምስ ዳታ ነው። ከ2006 እስከ 2010 የተሸጡ 2,930 ቤቶች አሉት። ቤቶቹ ሁሉ እጃችን ላይ ስላሉ እውነተኛውን አማካይ እናውቀዋለን። ግን እንደማናውቀው እንሆናለን። እያንዳንዱ ተማሪ 60 ቤት በዕጣ ያወጣና የራሱን የ95 በመቶ ኢንተርቫል ይሠራል። ከዚያ ሁሉም ሰሌዳ ላይ ይሰለፋል። መቶ ተማሪ ቢኖር ወደ 95ቱ እውነተኛውን ቁጥር ይይዛሉ፤ አምስት የሚሆኑት ይስታሉ። የሳቱት ምን አጠፉ? ምንም። ዕጣው ነው። ተማሪው «95 በመቶ» የሚለው የሚመለከተው የእሱን ኢንተርቫል ሳይሆን ዘዴውን እንደሆነ የሚገባው የጓደኛው መስመር ስቶ ሲያየው ነው።

ዕጣው ሌላም ጥቅም አለው። መምህሩ እያንዳንዱ ተማሪ የዕጣውን መነሻ ቁጥር ከአይዲው እንዲወስድ ካዘዘ፣ የሁሉም ሳምፕል ይለያያል። ኮፒ የተደረገ ሪፖርት ወዲያው ይታወቃል። አንዳንዱ ኮፒ አድራጊ የጓደኛውን አይዲ ቁጥር ሳያጠፋ ያስረክባል አሉ። ምን ይባላል።

የቤት ሥራ ብቻ ነው ብሎ ላብን የሚንቅ ካለ የቶማስ ሄርንዶንን ነገር ይስማ። ጀማሪ አልነበረም፤ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። የታተመ ጥናት መርጣችሁ እንደገና ሥሩት ተባሉ። እሱ የመረጠው ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ያወጡትን፣ ዕዳ የበዛበት አገር ዕድገቱ ይወድቃል የሚለውንና መንግሥታት ብድርን ለመፍራት የጠቀሱትን ጽሑፍ ነው። ቁጥሩ አልመጣለትም። በ2013 የደራሲዎቹን ኤክሴል አግኝቶ ሲያየው የአማካዩ ቀመር አምስት አገሮችን ዘሏል። በዚህና በሌሎች ምርጫዎች ምክንያት ዕዳቸው ከፍተኛ የሆኑ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ተብሎ ነበር። ሄርንዶንና መምህራኑ ሲያሰሉት 2.2 በመቶ ወጣ። ዛሬ ብዙ ኮርስ ተማሪው ሪፖርቱንና ኮዱን ባንድ ፋይል እንዲያስረክብ የሚጠይቀው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ኤክሴል ውስጥ የተደበቀ ቀመር ማንም አያየውም።

በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ስሙ ገናና የሆነው ኤስፒኤስኤስ ነው። ፈቃዱ ውድ ስለሆነ ክራኩ (ያለ ፈቃድ የተከፈተው ቅጂ) በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ቫይረሱም አብሮ። በግቢዎቹ ዙሪያ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች «ዳታ አናላይሲስ እንሠራለን» ብለው ይለጥፋሉ። ይህ ገበያ ራሱ ላቡ ምን ያህል እንደሠራ ይነግራችኋል። እኔ በተማርኩበት ክፍል አንድ ማሽን ለሦስት ነበር። ማውሱን የሚይዘው ሁሌ ያው ልጅ ነበር። ሁለታችን አንገታችንን አስግገን እናያለን። አንድ ቀን ዳታውን አስገብተን ልንጨርስ ስንል መብራት ሄደ። ሴቭ አላደረግንም። እንደገና ስናስገባ ወንድን 1፣ ሴትን 2 ብለን ኖሮ፣ ሪፖርታችን ላይ «አማካይ ጾታ 1.43» ብለን አስረከብን። አስተማሪው ከሥሩ በቀይ «ይህን ሰው አስተዋውቁኝ» ብሎ ጻፈበት።

ለእኛ ተማሪ ከፔንግዊንም ከኤምስም የሚቀርብ ዳታ አለ። የ2016ቱ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 15,683 ሴቶችንና 12,688 ወንዶችን አነጋግሯል። የዚህ ዓይነት ዳታችን ላይ የዕድሜ ሂስቶግራም ሣሉ። ግራፉ እንደ ጥርስ ነው። 20፣ 25፣ 30፣ 35 ላይ ይዘላል፤ መሐሉ ይጎድላል። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው በአምስትና በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ይመርጣላ። የቆጠራ ዳታችንም እንዲሁ ነው። ሂስቶግራሙን አምስት አምስት ዓመት አድርጋችሁ ብትስሉት ጥርሱ ይጠፋል። አንድ አንድ ዓመት ስትሉት ይወጣል። ለሁለተኛው ሳምንት ላብ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ያልኳችሁ የአቆጣጠር ጉድም እዚሁ ፋይል ውስጥ ነው። የቃለ መጠይቁን ዓመት የከፈተ ተማሪ የሚያገኘው 2016ን ሳይሆን 2008ን ነው። የአሮጌ ጥናት ፋይል የተሰጠው ይመስለዋል። ስህተት የለበትም፤ ጠያቂዎቹ የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ፋይሉ ቀኖችን የሚጽፈው ከ1900 ጀምሮ ባለፉት ወራት ብዛት ነው፤ ይህም የተቆጠረው በእኛው ስለሆነ፣ ወደ አውሮፓ ለመቀየር 92 ወር ይደመርበታል። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር መሆኑ ነው። የልጅን ዕድሜ ለማስላት ግን መደመር አያስፈልግም፤ የተወለደበትም የተጠየቀበትም ወር በእኛው አቆጣጠር ነውና ሲቀናነሱ ልዩነቱ ያው ነው። ችግር የሚመጣው አንዱን ቀይሮ ሌላውን የረሳ ተማሪ ሲኖር ነው። እሱ ልጅ ከመወለዱ በፊት የተከተበበት ሪፖርት ይዞ ይመጣል።