አካባቢንና ጤናን የሚጠብቁት መሥሪያ ቤቶች

የኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1987 በአዋጅ ቁጥር 9 ነው። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ የዋለውም በዚያው ዓመት ነው። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ ግን በአንድ ስም አልረጋም። በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ደግሞ ተመልሶ ባለሥልጣን። ታፔላው ሲቀየር የደን ጉዳይ አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይወጣል።

ዋናው መሣሪያው ፈቃድ ነው። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 እንደ ትልቅ ፋብሪካ ያለ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግለት ያዛል። ጥናቱን የሚያስጠናውም፣ ወጪውን የሚችለውም ባለ ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ አይቶ ያጸድቃል፣ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል ወይም ይከለክላል። አንድ ሰሞን ግን ይህን የመገምገም ሥልጣን ለዘርፍ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጥቶት ነበር። ማዕድን እንዲወጣ የሚፈቅደው ክፍል ማዕድኑ የሚያመጣውንም ጉዳት እንዲመዝን ማለት ነው። ያው ራሱ ተጫዋች፣ ራሱ ዳኛ።

በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ስለ ብክለት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጠንካራ አንቀጽ አለው። ማንም ሰው፣ ጉዳቱ እኔን ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ወንዙ ሲሸት አፍንጫ ይዞ ከማለፍ ይህ ይሻላል።

የጤናው ወገን ሌላ ቤት ነው። ኮሌራ ሲነሣ ቅኝቱንና የላቦራቶሪ ምርመራውን የሚመራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። በር የሚያንኳኩት ግን በ1995 በተጀመረው ፕሮግራም የሠለጠኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ቁጥራቸው ከ30,000 ይበልጣል። መጸዳጃ ቤት ተቆፍሯል ወይ? ቆሻሻው የት ነው የሚጣለው? ውሃው ተከድኗል? ጥያቄያቸው ይሄ ነው።

ቆሻሻ ሰብስቦ መጣል የከተማ አስተዳደሮች ድርሻ ነው። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል ረጲ በሚባለው አካባቢ ቆሼ ላይ ስትከምር ኖረች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ጥግ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። በ2010 መጨረሻ እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ።

ፌስታልም ሕግ ካገኘ ቆይቷል። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ሱቁ ግን ስኳሩን በስስ ፌስታል መቋጠሩን ቀጠለ። በ2017 የጸደቀው አዋጅ አምራቹ ላይ አላቆመም፤ ፌስታል ይዞ የተገኘውንም ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል።