ስለ ሽታ፣ ጋዝና ማግኔት ሴንሰሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጋዝ ሲፈስ የሚጮህ አላርም፣ ሽታ የሚለይ "ኤሌክትሮኒክ አፍንጫ"፣ ስልካችን ውስጥ ያለው ኮምፓስ፤ ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። አንዳቸውም ጋዝን፣ ሽታን ወይም ብረትን በቀጥታ አያውቁም። የሚለኩት የኤሌክትሪክ ለውጥን ነው፤ "ጋዝ አለ" የሚለው ድምዳሜ የሚመጣው ከዚያ ቁጥር በኋላ ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ድምዳሜው ሊሳሳት ይችላል። ከታች ያሉት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህ ከመዘንጋቱ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ነፍስ የሚያጠፉ በመሆናቸው ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

"ጋዝ ከፈሰሰ ይሸተኛል"

የማብሰያ ጋዝ የሚሸተው ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ሚቴንም ሆነ ፕሮፔን በራሳቸው ሽታ የላቸውም። በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በተባለ ቦታ፣ ከትምህርት ቤት ወለል ሥር የተጠራቀመ ሽታ አልባ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጋዝ ላይ የሚሸት ኬሚካል እንዲጨመር የሚያስገድዱ ሕጎች የተስፋፉት ከዚህ እልቂት በኋላ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ግን ሽታ የሚጨምርልን የለም። ከሰል፣ እንጨት ወይም ነዳጅ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ ጋዝ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታቱና ድካሙ ሲጀምር ሰው "ደክሞኝ ነው" ብሎ ይተኛል።

የገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚያታልለው በሌላ መንገድ ነው። በጥቂቱ ሲኖር ይሸታል፤ መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ወደ መቶ፣ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሠራተኛ "ሽታው ሄደ" ብሎ ሲረጋጋ አደጋው ገና እየበረታ ሊሆን ይችላል።

"ሴንሰሩ የሚለካው ስሙ የተጻፈበትን ጋዝ ብቻ ነው"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚጀምሩ ወጣቶች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ኤምኪው በሚል ስም የሚሸጡት ርካሽ ሴንሰሮች መሠረታቸው ቲን ዳይኦክሳይድ የተባለ ውህድ ነው፤ ይህን ዓይነት ሴንሰር ለአገልግሎት ያበቃው ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ውስጡ ትንሽ ማሞቂያ አለ፤ ውህዱን እስከ ጥቂት መቶ ዲግሪ ሴልሺየስ ያግለዋል። በዚያ ሙቀት ከአየር የመጣ ኦክስጅን ገጹ ላይ ተለጥፎ ኤሌክትሮኖችን ይነጥቃል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያልፍም። የሚቀጣጠል ጋዝ ሲመጣ ከተለጠፈው ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይወርዳል። የሚለካው ይህ መውረድ ብቻ ነው።

አሁን ኦክስጅኑን ማን እንደወሰደው ሴንሰሩ በምን ያውቃል? አያውቅም። ለማብሰያ ጋዝ የተባለው ሴንሰር አጠገብ በእጅ ማጽጃ አልኮል የራሰ ጥጥ ያዙለት፤ ቁጥሩ ወዲያው ይተኮሳል፣ ጥጡን ስታርቁት ቀስ እያለ ይወርዳል። ጋዝ የሚባል ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የአየሩ እርጥበትና ሙቀትም ንባቡን ይለውጡታል። በዚያ ላይ አዲስ ሴንሰር ንባቡ እስኪረጋ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዱም ከአንድ ቀን በላይ፣ እንደጋለ መቆየት አለበት። ከካርቶኑ አውጥቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ "ይህን ያህል ፒፒኤም" ብሎ ማወጅ ከንቱ ልፋት ነው። ሴንሰሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ "አየሩ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ" ለሚል ማስጠንቀቂያ ግሩም ነው፤ የጋዙን ስም ከነመጠኑ መናገር ግን ሥራው አይደለም።

"ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል የተባለ ሁሉ ይለካል"

በትክክል የሚለኩት ብዙውን ጊዜ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠሩት ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.26 ማይክሮሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ይውጣል፤ ምን ያህል ብርሃን እንደጠፋ ታይቶ መጠኑ ይሰላል። ብዙ ርካሽ መሣሪያዎች ግን ከሰውና ከዕቃ የሚወጣውን ሌላ ተን ለክተው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይገምታሉ። ሽቶ ብትነፉ "ካርቦን ዳይኦክሳይድ" ይጨምርላችኋል። የአሠራር ዘዴውን መግለጫው ላይ ሳያነቡ አለመግዛት ነው።

"ዜሮ ካሳየ ጋዝ የለም"

የሚቀጣጠል ጋዝ ለመለየት በኢንዱስትሪ የተለመደው አንዱ ዓይነት ጋዙን ትንሽ እንክብል ላይ አቃጥሎ በሙቀቱ መጠን ያውቃል። ለመቃጠል ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ኦክስጅን በሌለበት ታንክ ውስጥ የቱንም ያህል ጋዝ ቢኖር ሊሳሳት ይችላል። የሲሊኮን ተን ከደረሰበትም እንክብሉ ይመረዛል፤ ሴንሰሩ ሞቶ ስክሪኑ ላይ ሰላማዊ ዜሮ ይታያል። ስለዚህ ባለሙያዎች ወደ ጠባብ ቦታ ከመግባታቸው በፊት መጠኑ የታወቀ ጋዝ ሴንሰሩ ላይ ነፍተው ምላሹን ያያሉ።

የቤት አላርም ላይ ያለችው የመሞከሪያ ቁልፍም ይህን አትተካም። በአብዛኛው የምትፈትሸው ባትሪውን፣ ሰርኪዩቱንና ድምፁን ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ዕድሜው እንደ አሠራሩ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ ቢጮህም መለወጥ አለበት።

"ጋዝ እያለ አልጮኸም" የሚል ቅሬታም አለ። በአሜሪካው መስፈርት የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በ70 ፒፒኤም የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በ400 ፒፒኤም ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ነው። የሚያሰላው ደም ውስጥ የሚጠራቀመውን ያህል ስለሆነ መዘግየቱ የታሰበበት ነው።

"ኤሌክትሮኒክ አፍንጫ እንደ ውሻ ያሸታል"

በ1982 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ክሪሽና ፐርሱድና ጆርጅ ዶድ ያሳዩት ሐሳብ ብልህ ነበር፦ አንዱ ሴንሰር መለየት ካቃተው የተለያዩ ሴንሰሮችን አሰባስቦ የጋራ ምላሻቸውን እንደ አሻራ ማንበብ። የእኛም አፍንጫ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ልዩነቱ የሰው አፍንጫ ወደ 400 ዓይነት ተቀባዮች ያሉት መሆኑ ነው። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው ያላቸው ጥቂት ወይም ጥቂት ደርዘን ነው። የሚያውቁትም የተማሩትን ሽታ ብቻ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ችግር የሴንሰሮቹ መለወጥ ነው። ዛሬ የተመዘገበው አሻራ ከወራት በኋላ እዚያው ሽታ ላይ አይገኝም፤ ሴንሰሩ ራሱ አርጅቷል። በሽታን ከትንፋሽ የመለየት ምርምር ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ መሣሪያ የተገኘ ውጤት ሌላ መሣሪያ ላይ ካልተደገመ ለሐኪም ገና ነው።

"በስልክ ወርቅ መፈለግ ይቻላል"

አይቻልም። ስልክ ውስጥ ያለው ማግኔቶሜትር የሚለካው በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ የመሬት መስክ እንደ ቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) ይሆናል። ብረት ሲጠጋው ይህ መስክ ይጣመማል፣ ቁጥሩም ይዘላል። ወርቅ፣ መዳብና አሉሚኒየም ግን መስኩን ይህን ያህል አይነኩትም። ብረትም ቢሆን ሲርቅ ቶሎ ይጠፋል፤ የትንሽ ማግኔት ርቀት እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። ወርቅ የሚያገኘው እውነተኛ መሣሪያ የራሱን ተለዋዋጭ መስክ እየላከ ወርቁ ውስጥ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያዳምጥ፣ ከስልክ ጋር ምንም የማይገናኝ ዕቃ ነው። ወርቅ ያሳያል ብሎ አፕ የሚሸጥላችሁ ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው።

"በጣም ስሱ የሆነ ሴንሰር ሁልጊዜ ይሻላል"

የአንጎል መግነጢሳዊ መስክ ወደ 100 ፌምቶ ቴስላ ነው፤ ከመሬት መስክ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ጊዜ ያንሳል። ይህን የሚለካው ስኩዊድ የተባለ ሴንሰር በተለምዶ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በ2018 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ራስ ላይ የሚደረግና ያን ቅዝቃዜ የማይፈልግ፣ በሌዘርና በሩቢዲየም ተን የሚሠራ መለኪያ አሳዩ። ሰውየው ጭንቅላቱን እያንቀሳቀሰ መለካት ተቻለ። ያም ሆኖ የውጭ መግነጢሳዊ መስክ እንዳይገባ ከተከለለ ክፍል አልወጡም፤ የቀረውን የመሬት መስክም በመጠምጠሚያ ሽቦ መሰረዝ ነበረባቸው። ስሱ ሴንሰር የአንጎልን ያህል የሊፍቱንና በመንገድ የሚያልፈውን መኪና ይሰማል። ስለዚህ አንዱ መፍትሔ ስሜቱን መጨመር ሳይሆን ሁለት ሴንሰሮችን አቀራርቦ አስቀምጦ የአንዱን ንባብ ከሌላው በመቀነስ ከሩቅ የመጣውን ረብሻ ማጥፋት ነው።